የታጠነው ጋን

አንድ ሰው ነበረ፤ ጋን አጥቦ ቤቱን አፈረሰ።

አትሳቅ ሸጋው። ጋን ማጠብ ነውር እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ። ግን የጠየቅኸኝ ነገር መልሱ ያለው እዚያ ሰውዬ ጋን ውስጥ ነውና ቁጭ በል። ምን ነበር ያልከኝ? «የአንድ ምስኪን መቃብር ለመቆፈር ተራዬ ደርሶ ብቀር፣ አጎቴ በእድር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ሰው ሁሉ እየሰማ ወቀሰኝ። ያለው ሐሰት አይደለም፤ ግን አዋረደኝ። ከእንግዲህ የእሱ የሆነ ሁሉ ከቤቴ ይውጣ፤ ልጄንም ከእሱ ዘንድ ላምጣ፤ ከእሱ ነጽቼ ልኑር። ይህ ኃጢአት ነው ወይ?» ነው ያልከኝ። ኃጢአቱን ለንስሐ አባትህ ንገር። እኔ የማውቀው ማሽላ ነው፤ የማሽላውን ልንገርህ።

ሰውየው ገበሬ ነው። ቆላማ፣ ከማሽላ በቀር ሌላ እህል እሺ የማይል አገር ላይ ይኖራል። ሀብታም አይባልም፣ ድሃም አይባልም። ጥንድ በሬ አለው፣ ሦስት ላም አለው፣ ያሰበችውን ሳትናገር የማታድር ሚስት አለችው። አንድ ታናሽ ወንድም ደግሞ አለው፤ እሱም አግብቶ ወልዶ ከአጥሩ ማዶ ጎጆ ቀልሷል። በታላቅየው ግቢ ጥግ፣ በትንሽ ዳስ ሥር፣ እስከ ትከሻው መሬት ውስጥ የተቀበረ የአባታቸው ጋን ነበረ።

የጠላ ጋን እንዳይመስልህ። የማሽላ ጠላቱ ብዙ ነው፤ ወፉ አለ፣ አንበጣው አለ፣ አቀንጭራው አለ። እነዚህ ግን ሲመጡ ይታያሉ፤ ትጮህባቸዋለህ፣ ትነቅላቸዋለህ። አረማሞ የሚባለው ነው ጉዱ። እሱ ከዘሩ ጋር ተጣብቆ አብሮ ይዘራል። ማሽላው ይበቅላል፣ ይረዝማል፣ ያምራል፤ ምንም አታይበትም። ዛላው ወጥቶ ፍሬውን በጣትህ ስትጫነው ግን ጥቁር ዱቄት ነው፣ አንድ ጥሬ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የደከምክበትን በነፋስ ያስበትንሃል።

ለዚህ ነበር ጋኑ። አባትየው ሚያዝያ ሲገባ ከላሞቹ በጠዋት የተቀበለውን ሽንት ያፈስበታል፣ ትኩስ እበት ይጨምርበታል፣ ከአሮጌው ሾላ ሥር ማረሻ ነክቶት ከማያውቅ ቦታ እፍኝ አፈር ይበትንበታል፣ አመድ ይነሰንስበታል። አፉን በጨርቅ ይሸፍነዋል እንጂ አይደፍነውም፤ መተንፈስ አለበት ይላል። ጠዋትና ማታ በበትር ያማስለዋል። በሰባተኛው ቀን ውሃው አረፋ ይይዛል፣ ጆሮህን ብታስጠጋ ፍስስ ሲል ትሰማዋለህ። ሽታውንስ አታንሣው! ያን ጊዜ ዘሩን ነክሮ፣ ጥላ ላይ አድርቆ፣ በማግስቱ ይዘራዋል። የጎረቤቱ ማሽላ በጠቆረበት ዓመት እንኳ የእሱ ነጭ ነበር።

ሕጉ አንድ ነው፤ ጋኑ አይታጠብም። የዘንድሮው ውሃ በአምናው ዝቃጭ ላይ ይፈስሳል። «እዚህ ዝቃጭ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አለ» ይላቸው ነበር ልጆቹን። «ዓይናችሁ አያየውም፤ ግን ይበላል፣ ይራባል። ዘራችሁን የሚጠብቅላችሁ እሱ ነው። እሱን ከገደላችሁ የቀረው ሽንትና እበት ነው።» ሲሞት ጋኑን ለሁለቱም ተወላቸው።

ታላቅየው እውነቱን ለመናገር ጋኑን አይወደውም። እንግዳ ሲመጣበት ከሽታው የተነሣ ያፍራል። ታናሽየው ግን ጠዋት ከብት ከማሰማራቱ በፊት፣ ማታ ከእርሻ ሲመለስ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ መጥቶ ያማስለዋል። እያማሰለም ያዋራዋል አሉ። ታላቅየው «ከጋን ጋር የሚያወራ ወንድም ሰጠኝ» እያለ ይስቅበት ነበር። ይዋደዱ ነበር፤ ይህንን እወቅልኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን ታላቅየው የድንበር ድንጋይ ገፋ። ጎረቤቱ ባል የሞተባት ሴት ናት፤ መሬቷን የምታሳርሰው በእኩል ነው፣ ድንበሯን ቆማ የምትጠብቅበት ጊዜ የላትም። ሦስት ትልም ገባባት። ሴትየዋ ጮኸች፣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰውየው «ድንጋዩ አባቴ የተከለው ነው፣ ንቅንቅ አላለም» ብሎ ደረቀ። ሽማግሌዎቹ ታናሽየውን ጠሩት። «አባትህ ሲያርስ ድንበሩ የት ነበር?» አሉት።

ታናሽየው ወንድሙን አየ፣ መሬቱን አየ። «ከግራሩ ሥር ነበር» አለ።

ሌላ ቃል አልጨመረም። ሽማግሌዎቹም ታላቅየውን ድንጋዩን ራሱ ተሸክሞ ወደ ግራሩ ሥር እንዲመልስ ፈረዱበት። ድንጋዩ ትልቅ ነው፣ ቀኑ የገበያ ቀን ነው፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ አየው። አንዲት ሴት እልል አለች። ሰውየው ድንጋዩን ሲያወርድ ላቡና እንባው ተቀላቅሎ ነበር።

ቤቱ ገብቶ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለ።

«ድንጋዩን የገፋኸው አንተ፤ ወንድምህ ምን አደረገ?» አለችው ሚስቱ።

«ቤት ውስጥ ሊነግረኝ ይችል ነበር!»

«ቤት ውስጥማ እኔም ነግሬህ ነበር። ሰማኸኝ?»

እሷን መምታት ቃጣውና ተወ። ከዚያ ማጽዳት ጀመረ። ወንድሙ የጠረበለትን ቀንበር ፈለጠው፤ ማገዶ አደረገው። ከወንድሙ ላም የተወለደችውን ጊደር ነድቶ ከደጁ ትቶለት ተመለሰ። ሁለቱ ቤት የሚገናኝበትን የአጥር ቀዳዳ በግራር እሾህ ደፈነው። ሰንበት ግን አልቀረም፤ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፣ ይሰግዳል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ።

በመጨረሻ ዓይኑ ጋኑ ላይ አረፈ። ጋኑን መጣል አልፈለገም፤ የአባቱ ነው። ግን ያ እጅ ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ማታ አማስሎታል። የወንድሙ እጅ የነካው ዝቃጭ በግቢው ውስጥ ተቀምጦ እንዴት እንቅልፍ ይውሰደው? ሦስት ጎረምሳ የሚያነሣውን ጋን ብቻውን ቆፍሮ አወጣው። ዝቃጩን ገደል ደፋው። ከዚያ እናቱ የጠላ ጋን ስታጥብ እንዳየው አደረገ፤ ግራዋ ቀጥፎ፣ ጨምድዶ፣ ውስጡን እስኪያብረቀርቅ ፈገፈገው። ፍል ውሃ ቸለሰበት። ፀሐይ ላይ አደረቀው። ሲደርቅም የወይራ እንጨት አጭሶ ጋኑን ከጭሱ ላይ ደፋው፤ አንድ ቀን አልበቃውም፣ ሦስት ቀን አጠነው።

ሚስቱ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታየው ነበር። «አንተ ሰው፣ ይሄ የጠላ ጋን አይደለም» አለችው።

«ንጽሕና ለሁሉም ንጽሕና ነው» አላት።

በሦስተኛው ቀን ጋኑን አነሣና ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ተነፈሰ። የወይራ ሽታ ብቻ ነበር። ድንጋይ ከተሸከመ ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር ቀለል አለው፤ በእውነት ቀለል አለው። «አየሽ፣ አሁን ነው የሰው ግቢ የሆነው» አላት። ያን ዕለት እራቱን አጣጥሞ በላ።

አየህ ሸጋው፣ ይህንን ስነግርህ ደስ ብሎህ ጭንቅላትህን ነቀነቅህ። አይቼሃለሁ። ቆይ ግዴለህም፣ ገና ነን።

ሚያዝያ ገባ። ሰውየው ጋኑን ወደ ጉድጓዱ መልሶ ቀበረና እንደ አባቱ ሊያደርግ ተነሣ። ሽንቱን አፈሰሰ፣ እበቱን ጨመረ፣ አመዱን ነሰነሰ። ሾላው ግን የሚገኘው በወንድሙ በኩል ነው፤ እዚያ እግሩን አያነሣም። ከገዛ ግቢው፣ ዶሮ ከጫረው መሬት፣ እፍኝ አፈር ወሰደና በተነ። አፈር አፈር ነው አለ። ጠዋትና ማታ አማሰለ።

ሰባት ቀን ሞላ። አረፋ የለም። ጆሮውን አስጠጋ፤ ጸጥ ብሏል። ሽታው የእበትና የጭስ ነው፣ ያ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ሽታ የለውም። ስምንተኛው ቀን፣ ዘጠነኛው ቀን፤ ያው ነው። ብዙ ቢቆይ ከላሞቹ እበት ተነሥቶ ነፍስ ይዘራ ይሆን ነበር፤ እኔ አላውቅም። ዝናቡ ግን አልጠበቀም። ሁለት ጊዜ ጥሎ መሬቱ ረክቷል፣ የአገሩ ሰው በሬ ጠምዷል። ሰውየው ውሃው የሞተ መሆኑን አውቋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው እንጂ፣ አውቋል።

መፍትሔ አልጠፋም። ወንዝ ማዶ አክስታቸው አለች፤ ካቻምና ከዚህችው ጋን በቅል ዝቃጭ ወስዳ የራሷን ጀምራለች። መንገዱ የግማሽ ቀን ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ አንድ ቅል ዝቃጭ ይዞ ይመለሳል፤ ነገሩ አለቀ።

«ሂድ እንጂ» አለችው ሚስቱ። «ዘሩ ይበላሻል።»

«ሄጄ ምን ልበላት? የአባቴን ጋን አጠብሁት ልበላት? በወይራ አጠንሁት ልበላት? አንዴ መሳቂያ ሆኛለሁ፣ ይበቃኛል።»

በማግስቱ ጠዋት ታናሽየው መጣ። በእሾኽ ከተደፈነው ቀዳዳ ማዶ ቆሞ ቅል ይዟል። ከስቷል። ድንጋዩ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ ቃል አልተለዋወጡም።

«ጋሼ» አለው። «እኔን ጥላኝ፣ መብትህ ነው። ለዘሬ ግን አንድ ቅል የጋኑን ውሃ ስጠኝ። ነገ ልዘራ ነው።»

እዚህች ላይ ነች ነገሩ ሁሉ፤ ልብ በል። ሰውየው ሁለት ቃል ቢናገር ይበቃው ነበር፤ «ሞቷል ወንድሜ» ቢል። ታናሽየው እግሩ ፈጣን ነው፤ በዚያው ቀን ወንዝ ማዶ ደርሶ ለሁለቱም ይዞ ይመጣል። ልጆቹም የሚበሉት አያጡም። ሰውየው ይህንን ሁሉ ቆሞ አሰበው። ከዚያም ያ ድንጋይ ትከሻው ላይ ትዝ አለው፤ ያቺ እልልታ ጆሮው ላይ ጮኸችበት። ይህ ሰው ነገ ደግሞ ለሽማግሌ «ጋኑን ገደለው» ብሎ ቢመሰክርብኝስ አለ በልቡ። ቅሉን በእሾኹ መካከል ተቀበለ፣ ሄደ፣ ከሞተው ውሃ ሞላ፣ መጥቶ ሰጠው።

ታናሽየው ቅሉን በሁለት እጁ ተቀበለ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ደግሞ አሸተተው።

«ላሞቹ መኖ ቀይረው ነው» አለ ታላቅየው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ታናሽየው ቀና ብሎ አየው። «ይሆናል» አለ። ከዚያ በእሾኹ መካከል እጁን ዘርግቶ የወንድሙን እጅ ያዘና ሳመው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ ሄደ።

ሁለቱም በዚያ ውሃ ነክረው ዘሩ።

ይገርምሃል፣ ያ ክረምት ለሁለቱ መልካም ክረምት ነበር። ዝናቡ ሳይበዛ ሳያንስ ጣለ። ታናሽየው በበነጋው መጥቶ «ሰላም አደርክ ጋሼ» አለ፤ ታላቅየው መመለስ አቃተውና «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። በሳምንቱ እሾኹን ራሱ አነሣው፤ ታናሽየውም ጊደሯን መልሶ ነዳለት። በሽልሻሎ ጊዜ፣ የበቀለውን ማሽላ ለማሳሳት በመካከሉ ሲታረስ፣ የአንዱን በሬ ከሌላው አቀናጅተው የሁለቱንም ማሳ አብረው ሸለሸሉ። በፍልሰታ ፍቺ አንድ ገበታ ላይ ቀረቡ፤ የታናሽየው ትንሿ ልጅ እታላቅየው ጭን ላይ ተኝታ ቀረች። ስንት ጊዜ አፉ ላይ መጣለት! ልንገረው ይላል፤ ደግሞ ማሽላውን ያያል፤ ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ አምሯል። ምናልባት ውሃው ሠርቶ ይሆናል፣ ምን አስለፈለፈኝ ይላል። እያመመው ደስ ብሎት ከረመ።

መስከረም ላይ ዛላው ወጣ። ሰውየው በጠዋት ማሳው ውስጥ ገባና የመጀመሪያውን ዛላ ጎንበስ አድርጎ አንዱን ፍሬ በጥፍሩ ተጫነው። ጥቁር ዱቄት ጣቱ ላይ ፈሰሰ። ሌላውን ያዘ፤ ጥቁር። ወደ ውስጥ ገባ፣ እየሮጠ እየቀነጠሰ ሄደ፤ ከሦስት ዛላ ሁለቱ ጥቁር ነበር፣ የተረፈውም ቀጭን ነው። ድንበሩ ጋ ሲወጣ ወንድሙ ከራሱ ማሳ እየወጣ ነው። ሁለቱም እጃቸው እስከ አንጓቸው ጠቁሯል። ተያዩ።

«ዘንድሮ አረማሞ በዛ» አለ ታናሽየው።

«በዛ» አለ ታላቅየው።

ይኸው ነው የተባባሉት። ታላቅየው ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ምንም አላለችም፤ እሷ እንኳ ዝም አለች። እጁን ታጠበ፣ ደግሞ ታጠበ። ጥቁሩ ወዲያው ነው የለቀቀው፤ እሱ ግን መታጠቡን መተው አልቻለም።

ታላቅየው ላም ሸጦ ሰነበተ። ታናሽየው ከእርሻ በሬው በቀር የሚሸጠው አልነበረውም፤ የነበረችው አንዲት ላም ታልባ ለልጆቹ የምትሰጥ ናት። ጥቅምት ላይ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ በረሃ ወረደ። ሲሄድ በአጥሩ ቀዳዳ መጥቶ ተሰናበተ። «ልጆቼን አደራ ጋሼ» አለው። ታላቅየው «እኔ ልሂድልህ» አለ፤ አፉ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነበር። ታናሽየው ሳቀ፣ «አንተ ሽማግሌ ነህ፣ ትወድቃለህ» አለው።

በረሃው ወባ ነው። ታናሽየው በሦስት ሳምንቱ ሞተ። እዚያው ቀበሩት። አብሮት የወረደ ሰው ማጭዱንና ጋቢውን ይዞ ኅዳር ላይ መጣ።

ለቅሶው ተቀመጠ። ታላቅየው ደረቱን ሲመታ ያየው ሰው «ወንድሙን እንዲህ ይወድ ኖሯል» ይል ነበር። አርባው ሲወጣ፣ ለቅሶ ደራሹ ሲበተን፣ ሰውየው መቆም አቃተው። የወንድሙ ሚስት ዕቃ ስታነሣ እግሯ ሥር ተደፋ። «ባልሽን የገደልሁት እኔ ነኝ። ውሃው የሞተ ነበር። ጋኑን አጥቤው ነበር፣ አጥኜው ነበር። እያወቅሁ ነው የሰጠሁት።» ይህንን ተናገረና እስክትጮህበት ጠበቀ። ብትጮህበት፣ ብትረግመው፣ ድንጋይ ብታነሣበት ይሻለው ነበር።

ሴትየዋ አልጮኸችም። ዕቃውን አስቀምጣ ተቀመጠች።

«ያውቅ ነበር እኮ» አለችው።

ሰውየው ቀና አለ።

«ቅሉን ይዞ እንደመጣ አስሸተተኝ። 'ወይራ ወይራ ይላል፣ ጋሼ ጋኑን አጥኖታል፣ ውሃው ሞቷል' አለኝ። ታዲያ ለምን አትነግረውም፣ አክስትህ ዘንድስ ለምን አትሄድም አልሁት። 'አክስቴ ጋኑ ምን ሆነ ትለኛለች። እውነቱን ብነግራት ጋሼ ለሁለተኛ ጊዜ ይዋረዳል' አለ። 'አንዴ እውነት ተናግሬ ወንድሜን አጣሁት፤ ዛሬ ገና እጁን ዘረጋልኝ። ለእርሻ ብዬ መልሼ አላጣውም። እግዚአብሔር ያውቃል' ብሎ ዘሩን ነከረ።»

«ምነው ቢነግረኝ!» አለ ሰውየው። «ምነው ለእኔ ለብቻዬ እንኳ ቢነግረኝ!»

«አንዴ ነግሮዎት ነበር እኮ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ኖረ፤ ሞተ እንድልህ ጠብቀህ ከሆነ አልሞተም። በማግስቱ ወንዙን ተሻግሮ አክስቱ ዘንድ ሄደ፤ «የአባቴን ጋን አጥቤው ነው፣ ዝቃጭ ስጪኝ» አለ። ሳይጨርስ ሰጠችው። ማንም አልሳቀበትም። ያን ሁሉ የፈራው ነገር ይህችን ታህል ነበር። ጋኑን ወስዶ በወንድሙ ሚስት ግቢ ቀበረው፣ ከሾላው ሥር አፈር አመጣ፣ ጠዋትና ማታ እየሄደ ያማስላል። በሰባተኛው ቀን አረፋ ያዘ። የልጆቹን መሬት ያርሳል፣ ዘራቸውን ይነክራል፣ ማሽላቸው ነጭ ነው። እያማሰለ ለጋኑ ያወራል አሉ፤ የሚለው ሁልጊዜ አንድ ነው፣ «ሞቷል ወንድሜ፣ ሞቷል ወንድሜ» ነው የሚለው። ያኔ ሊላት ይገባው የነበረችውን ቃል ነው።

እንግዲህ ሸጋው፣ ወደ አንተ ልምጣ።

አጎትህ የጋኑ ዝቃጭ ነው። ይሸታል፤ እኔም ሸቶኛል፤ አፉ ክፉ ነው፣ ጊዜና ቦታ አይመርጥም። በእድር ፊት ከሚያዋርድህ በጓሮ ቢጠራህ ይሻል ነበር፤ ይህንን ለእሱም እነግረዋለሁ። ግን እሱ ያለህ ነገር እውነት ነው ብለኸኛል፤ በራስህ አፍ ነው ያልከኝ። የድሃ መቃብር ቆፋሪ ሲጠፋ ማን እንደቀረ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ፊት ለፊት የነገረህ አንድ እሱ ነው። ሌሎቻችን በሆዳችን ይዘን ሰላም እንልህ ነበር። እኔም ጭምር፤ ምን እዋሻለሁ።

ስጦታውን መልሰህ፣ ልጅህን አምጥተህ፣ ደጁን ዘግተህ ቤትህን ብታጥን፣ ቤትህ ደስ ደስ ይልሃል፤ ያ ሰውዬም ጭንቅላቱን ጋኑ ውስጥ አስገብቶ ደስ ብሎት ነበር። አጎትህም ይማራል። እውነት መናገር ዘመድ እንደሚያሳጣ ይማራል። ከዚያ አንድ ቀን እያወቅህ የሞተ ውሃ ስትሰጠው፣ አሽትቶ፣ አመስግኖ፣ እጅህን ስሞ ይሄዳል። ምን እንዳጠፋህ የሚነግርህ ሰው አይኖርም፤ የምታውቀው ዛላው ሲጠቁር ነው።

አሁን ደግሞ ልነግርህ ያልፈለግሁትን ልንገርህ። ትናንት አጎትህ በዚህ በኩል አለፈ። ጠራሁትና «ሸጋው እንዴት ነው?» አልሁት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያ ሰነፍ፣ ያ እንዲህ፣ ያ እንዲያ ብሎ እስኪመሽ ያወራልኝ ነበር። ትናንት ግን መሬት መሬት እያየ «ደኅና ነው። ስለ እሱ የምለው የለኝም» አለና አለፈ።

ምን ቁጭ ብለህ ታየኛለህ? ተነሥ እንጂ!